መብራት የፈተለው

ስልኬ ሲጮህ የአንድ ገበሬ እግር እያጠብሁ ነበር። እጄ ላይ ጓንት ስለነበረ አላነሣሁትም። ዝም አለና እንደገና ጮኸ። ገበሬው፣ «ኧረ አንሺው ሲስተር፣ እንዲህ አላስቀምጥ የሚል ስልክ ለደግ አይደለም» አለኝ። ጓንቴን አውልቄ አነሣሁት። የደወለው ደመላሽ ነበር፤ ቡሬ ላይ ከአንችናሉ ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው።

«ሲስተር ብርቱካን፣ ሥራ ላይ ነሽ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«አንችናሉ በጣም ደክማለች» አለኝ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው የሚጀመረው። የሞተ ሰው መጀመሪያ «ይደክማል»፤ ሰሚው ልቡን እስኪያደላድል ነው። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልሁም።

«ደመላሽ፣ ንገረኝ እንጂ።»

«ዛሬ ጧት አረፈች።»

እንደማትተርፍ አውቅ ነበር። ከብዙ ሰው ይልቅ እኔ አውቅ ነበር። ማወቅና መስማት ግን ለየቅል ናቸው። አዲስ ጓንት አጥልቄ ተመለስሁና ተቀመጥሁ፤ የተከፈተ ቁስል ትቶ መሄድ አይቻልም። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ሸፍኜ ጨረስሁ። ገበሬው እግሩን ትቶ ፊቴን ሲያይ ቆየና፣ «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ። ምን እንደሰማሁ አልጠየቀኝም።

አንችናሉ ሞላ ቡሬ ባለው ካምፓስ ኬሚስትሪ ታስተምር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትሄድ አንድ ነገር ያመለጣት የምትመስል ሴት ነበረች። ጨርቅ አይታ ማለፍ አትችልም። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ማንም ይሁን ማን የልብሱን ጫፍ ይዛ በሁለት ጣቶቿ መሐል ታሻለች፣ ወደ መስኮት ከፍ አድርጋ ብርሃን ታሳልፍበታለች። ሰው ልብሱ የቆሸሸ መስሎት ይደነግጣል። አንድ ቀን ከቡሬ ስንመጣ ሚኒባስ ውስጥ የማታውቃቸውን ሽማግሌ ኩታ ጫፍ ይዛ ስታሻሽ፣ ሰውየው ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ልትገዥው ነው?» አሏት። «አይ አባቴ፣ ድሩን እያየሁ ነው» አለቻቸው። «እንግዲያውስ እይው፤ ሌላ ነገር አይጎድለኝም፣ የሚያየኝ ነው ያጣሁ» ብለው ጫፉን ለቀቁላት። እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ኩታው እጇ ላይ ነበር።

ያወቅኋት በአባቷ ምክንያት ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ቁስል የምታጥብ ነርስ ነኝ። አባቷ ቄስ ሞላ ደግሞ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱ ካህን ነበሩ። ስኳር ነበረባቸው። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል። በቅጽሩ ውስጥ ጫማቸውን አውልቀው ሲሄዱ እሾህ ወግቷቸው አልተሰማቸውም፤ ሚስታቸው ምንጣፉ ላይ ደም አይተው ነው ያወቁት። እኔ ዘንድ ሲመጡ ቁስሉ ከርሟል። ውስጥ እግራቸው ጎድጉዷል፣ እዡም አረንጓዴ ሆኗል።

ሳጥባቸው አያማቸውም ነበር። የሚያማቸው ሌላ ነው። ደምና እዥ የሚወርደው ሰው መቅደስ አይገባም። ቁስሉ ከጀመረ ወዲህ ቄስ ሞላ ከውጭ፣ ከወይራው ሥር ቆመው ነበር የሚያስቀድሱት። «ድምፁን እሰማለሁ። የት ላይ እንደደረሱ አውቃለሁ። እጄ ግን ባዶ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። ከዚያ በቀር ስለ ሕመማቸው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

አንችናሉ አባቷን ይዛ የመጣች ዕለት እንደ ሌላ አስታማሚ በር ላይ አልቆመችም። ዝቅ ብላ ቁስሉን አየች፣ አሸተተች። የደረቀውን ፋሻ ስልጠው ከሥሩ የበቀለው አዲስ ሥጋ አብሮ ተነሣና ደማ።

«እየዘራሽ እየነቀልሽ ነው እኮ» አለችኝ።

ተናደድሁ። «ሌላ ፋሻ ካለሽ አምጭው!» አልኋት።

«እሱን ነው የምሠራው» አለች።

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አባቷ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን ነው። መብራት ጨርቅ ይፈትልልኛል ትለኛለች። እኔ መብራት ሲያበራ እንጂ ሲፈትል አላየሁም፤ እስቲ አንችም ስሚያት።»

ያን ጊዜ የጓንት ሳጥን ላይ ተቀምጣ ነገረችን። ስትናገር አባቷን ነበር የምታየው፤ እሳቸው ከገባቸው እኔም እንደሚገባኝ ታውቃለች። ፖሊመር የሚባል፣ እንደ ሙጫ የሚሟሟ ነገር አለ። ያን አሟሙታ ጀርም የሚገድል መድኃኒት ትቀላቅልበታለች። በመርፌ ጫፍ ላይ ብርቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲደርስበት ፈሳሹ ይመዘዝና ክር ይሆናል። ክሩ ከጠጉር እጅግ የቀጠነ፣ ዓይን የማያየው ነው፤ ናኖፋይበር ይሉታል። ክር በክር ላይ ሲደራረብ ስስ ጨርቅ ይወጣዋል። ቁስል ላይ ሲያርፍ አየር ያሳልፋል፣ ጀርም አያሳልፍም። በውስጡ ያለው መድኃኒትም በአንዴ ሳይፈስ ቀስ እያለ ይወጣል። ሥጋው ላይ ስለማይደርቅ ሲነሣ አዲሱን ሥጋ ይዞ አይነሣም።

ቄስ ሞላ አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «ሸረሪት እንግዲህ ቀድማሻለች» አሏት።

«ቀድማኛለች አባየ። ግን መድኃኒት አልነከረችበትም።»

ሳቁ። አብረው ሲስቁ የአባትና የልጅ ሳቅ አንድ ዓይነት ነበር፤ መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የሚስቀው።

ከዚያ ወዲህ አባቷን ይዛ በመጣች ቁጥር እንጨዋወት ነበር። ቁስሉን ንቀው ዘግይተው ስለሚመጡ በሽተኞች ሳማርርላት የምትለኝን ዛሬ እኔ ለተማሪ ነርሶች እላለሁ፤ «እንግዳ ሲንቁት ይሄዳል፣ ቁስል ሲንቁት ይሰነብታል»። ከማን እንደሰማችው ብጠይቃት፣ «ከአባየ እግር» አለችኝ።

ቡሬ ሄጄ ሥራዋን ያየሁት በበጋ ነው። ጠባብ ክፍል ነው። እኛ መድኃኒት የምንወጋበት ሲሪንጅ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ ውስጡ እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ አለ። ከፊቱ በሚያብለጨልጭ ፎይል የተጠቀለለ ትንሽ በርሜል ይሽከረከራል። ደመላሽ ማብሪያውን ሲጫን ምንም አላየሁም። አንችናሉ ግን ትንፋሿን ውጣ ታያለች። ቆይቶ ፎይሉ ላይ እንደ ጧት ውርጭ ያለ ነጭ ነገር ታየኝ።

«ፈተለ!» አለ ደመላሽ።

«ዝም በል፣ ይሰማሃል» አለችው።

የሁለቱ ቋንቋ ነው ይህ። ክሩ በደንብ ሲወጣ «ፈተለ» ይላሉ። ፈሳሹ ክር መሆን እምቢ ብሎ ጠብ ጠብ ሲል «ዘነበ» ይላሉ። ዓመታት እንደዘነበባቸው ደመላሽ አጫወተኝ። የዚያን ዕለት ግን መብራቱ ድርግም አለ። በርሜሉ እየዘገመ ቆመ። እኔ ደነገጥሁ፤ እነሱ ለምደውታል። አንችናሉ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች።

«ፈታያችን አኮረፈች» አለች። «እንግዲህ እስክትታረቅ ቆሎ አምጣ።»

ቀድሞ የተሠራ ቁራጭ አምጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ክብደት የለውም። ጠብታ ውኃ ስታደርግበት መዳፌ ላይ ተኛ፤ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ሆነ። በሳህን ላይ ባሉ ጀርሞች ላይ ሠርቶ ነበር። በአይጦች ላይም ሠርቶ ነበር። በሰው ላይ ለመሞከር የሚፈቅደው ኮሚቴ ዘንድ ደግሞ ማመልከቻው ገብቶ መልስ ይጠበቃል። ከእጄ ላይ አንሥታው ወደ መስኮቱ ያዘችው። «የአባየ ቁስል ይህን ታህል ነው» አለችኝ። ልክ የቁስሉን ቅርጽ አድርጋ ነበር የቆረጠችው።

ክረምቱ ሲገባ የቄስ ሞላ ቁስል ከፋ። ትኩሳት ያዛቸው፣ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጠቆረ። ሐኪሙ አይቶ፣ አጥንት ውስጥ ገብቷል፣ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት አለ። ቄስ ሞላ፣ «ልጄ ትምጣ» ብቻ አሉ።

በማግሥቱ መጣች። ዝናብ መትቷታል። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትገባ ምን እንደያዘች ወዲያው ገባኝ። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሳትቀመጥ ቆመች። ክፍሉ ውስጥ እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን።

«አንችናሉ፣ ያ ጨርቅሽ ደርሷል?» አሏት አባቷ።

«ደርሷል አባየ።»

«እዚህ ነው?»

ዓይኗን ወደ ቦርሳዋ ጣለች።

«ይዘሽዋል» አሉ።

«ይዤዋለሁ።»

«በጀ! አድርጊልኛ!»

«አይሆንም አባየ።»

«ለምን?»

«ገና በሰው ላይ አልተሞከረም። ፈቃዱ አልመጣም።»

«እኔ ፈቀድሁ እኮ። እግሩ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው። ቢጎዳዎት ግን እጁ የእኔ ነው።»

«ከዚህ ወዲያ ምን ይጎዳኛል? ሊቆርጡኝ እኮ ነው።» ድምፃቸው ተለወጠ። ያን የመሰለ ሰው ሲለምን ማየት ይከብዳል። «ልጄ፣ ለመኖር ብዬ አይደለም የምለምንሽ። ቆሜ ልቀድስ ብዬ ነው። አንድ ቀን እንኳ ቢሆን።»

አንችናሉ ተንበረከከችና ግንባሯን ደህናው እግራቸው ላይ አደረገች።

«አባቴ ስለሆኑ ዓይኔ አያይም። ልቤ ነው የሚያየው፤ ልብ ደግሞ ይዋሻል። ለእርስዎ ብዬ ካደረግሁት ነገ አባቱን ይዞ ለሚመጣው ሁሉ ምን እላለሁ? አንዱ ቢሞትብኝስ?»

ቄስ ሞላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷም ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ደርሼ እጇን ያዝሁት። «አታናግሪኝ፣ ካናገርሽኝ እመለሳለሁ» አለችኝ።

እግራቸው ተቆረጠ። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረኝ ቁስሉ አጥንት ዘልቆ ስለነበር ጨርቁ ቢደረግም እግሩ አይተርፍም ነበር። ይህን ነገርኋት። «ምናልባት» አለች። ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ ከዚህች ቃል አልፋ አታውቅም።

ቄስ ሞላ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት እኔ ፋሻ ስቀይርላቸው እሷ ራስጌያቸው ቆማ ነበር። ድንገት፣ «አንችናሉ» አሏት። «አቤት አባየ።»

«ታቦት ተቀርጾ ይቀመጣል። ጳጳስ ሜሮን ሳይቀባው ግን ማንም አይቀድስበትም። ቀራጩ ልጄ ቢሆን፣ እኔ ካህን ብሆን፣ ሕዝቡ ደጅ ቆሞ ቢጠብቅ፣ አይቀደስበትም። ይህን እያወቅሁ ነው የለመንሁሽ። ይቅር በይኝ።»

እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። የአባቷን ቁጣ ተሸክማ ከርማለች፤ ይቅርታቸውን ግን መሸከም አቃታት።

ቁስሉ ስለሌለ ቄስ ሞላ እንደገና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገቡ። በአንድ እግር ቆሞ መቀደስ ግን አልተቻለም። ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጠው ሌሎች ሲቀድሱ ይሰሙ ነበር አሉ። ፋሲካን ሳያዩ አረፉ። ሚስታቸውም ቆብ ጫኑ፤ ከዚያ ወዲህ እማሆይ ነው የምንላቸው።

ፈቃዱ የመጣው ከቄስ ሞላ አርባ በኋላ ነው። አንችናሉ ስልክ ደውላ፣ «ተፈቀደ» አለችኝና ዘጋችው።

ሥራው እኔ ክፍል ውስጥ ተጀመረ። መጀመሪያ የመጣችው ከጅጋ ወዲያ ካለ ቀበሌ ጠጅቱ የምትባል ሴት ናት። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሯ ኖራ እግሯ አብጧል፤ አገሬው ዝሆኔ ይለዋል። እብጠቱ ላይ የወጣው ቁስል ዓመታት አስቆጥሯል። ገብታ በሩ ሥር ተቀመጠች፣ እግሯን በቀሚሷ ሸፈነች።

«ወደዚህ ይምጡ እንጂ እትየ ጠጅቱ» አለቻት አንችናሉ።

«ግድ የለም፣ እዚሁ ልሁን። ሽታው ሰው ያስቸግራል።»

አንችናሉ ሄዳ ከፊቷ ቁጢጥ አለችና እግሩን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ቀሚሷ ላይ ምንም አላነጠፈችም።

«ኧረ ተይ! ኧረ በማርያም! ይሸታል!»

«ሽታው የእርስዎ አይደለም፣ የጀርሙ ነው። እሱ ይፈር።»

ጠጅቱ ያን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። አንችናሉ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ ሁሉን ነገረቻት። አዲስ ነገር እንደሆነ፣ ላይሠራ እንደሚችል፣ እምቢ ብትል እኔ በተለመደው መንገድ እንደማክማትና ማንም እንደማይቀየማት።

ጠጅቱ አሰበች። «አንችስ እህቴ፣ ትፈሪያለሽ?» አለቻት።

«እፈራለሁ።»

«እንግዲያው በጀ። የሚፈራ ሰው ይጠነቀቃል።»

ተአምር አልነበረም። እግሩ በየዕለቱ ይታጠባል፣ ይታሰራል፣ ጫማ ተፈልጎላታል፤ በዚያ ላይ ነው ጨርቁ። አንችናሉ መንገድ ሲከፈት ከቡሬ የታሸገውን ጨርቅ በሳጥን ጭኗ ላይ ይዛ ትመጣለች። መንገድ ሲዘጋ በስልክ ታስጨንቀኛለች፤ ቀለሙ ምን ሆነ፣ ጠርዙ ምን ሆነ፣ ስታነሺው ደማ ወይ። አልደማም። መጀመሪያ የሄደው ሽታው ነው። አንድ ቀን ጠጅቱ ገና ከበር፣ «ሲስተር፣ ጎረቤቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች!» አለችኝ። ስለ ቁስሉ አንድም ነገር አልተናገረችም።

ለሁሉም አልሠራም። አንድ ሽማግሌ ቁስላቸው ምንም ሳይለወጥ ቀርቶ ተስፋ ቆርጠው ቀሩ። አንችናሉ ቤታቸው ድረስ ሄዳ፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ፣ አልሆነልኝም አባቴ ብላ ጉልበታቸውን ስማ መጣች። «ለምን ሄድሽ? ሌላ የምታደርጊላቸው ነገር የለም» ብላት፣ «ሲሠራ ብቻ ነው እንዴ የማውቃቸው?» አለችኝ።

የጠጅቱ ቁስል የተዘጋ ዕለት አንችናሉ ዝቅ ብላ አየችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ «እግዜር ይመስገን» አለችና ወጣች። ስፈልጋት ከጓሮ፣ የታጠበው አንሶላ ከተሰጣበት መሐል ቆማ አገኘኋት።

«ምነው፣ ደስ አላለሽም?»

«ብሎኛል። እሷን ሳይ ግን የአባየ እግር ነው የታየኝ። ዘገየሁ፣ ሲስተር።»

አንሶላው በንፋስ እየተነሣ ፊታችንን ይመታን ነበር። አብሬያት ቆምሁ።

በዚያ ሰሞን ጡቷ ላይ እብጠት ነበረባት። ማንም አላወቀም። ሥራው ይለቅ፣ በሽተኞቹ ይዳኑ ስትል ወራት አለፉ። ባሕር ዳር ሄዳ ስትታይ ካንሰሩ ጉበቷ ደርሷል ተባለ። ሕክምናው ሲያቅታት ወደ እናቷ ቤት ገባች። ደመላሽ መታመሟን ደውሎ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው፤ በማግሥቱ ዕቃዬን ይዤ ሄድሁ።

ጡቷ ቆስሎ፣ የተሸፈነበት ፋሻ ከላይ ተላቆ ከታች ቁስሉ ላይ ደርቆ ነበር። እማሆይን ውኃ እንዲያሞቁልኝ ለምኜ ከክፍሉ አስወጣኋቸው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ አርፋለች። አንችናሉ እንደዚያ ሆና እንኳ የጋውኔን ጫፍ ይዛ ታሻለች።

«ንገሪኝ፣ ምን ይመስላል?» አለችኝ።

«ተይው እስቲ።»

«ስንት ቁስል አብረን አይተናል። ለሌላው እንደምትነግሪኝ ንገሪኝ።»

ነገርኋት። ሰፍቷል፣ ጠርዙ ጠንክሯል፣ ከታች በኩል ይደማል።

«ሽታውስ?»

«አለ።»

ዓይኗን ጨፈነች። «ተባረኪ። ሰው ሁሉ ይሻልሻል እያለ አደከመኝ።»

«ለምን ቶሎ አልታየሽም?»

«ናቅሁት» አለች።

ቆይቼ፣ «ጨርቅሽ እኔ ዘንድ አለ። አያድንሽም፤ ለሽታው እንኳ ቢሆን…» አልኋት። ትከሻዋ ሳቀ።

«እኔ ጥናቱ ውስጥ የለሁም እኮ፣ ሲስተር። እሱ ለተፈቀደለት ሰው ይሁን። ይህን ፋሻ በውኃ አርጥበሽ አንሺልኝ፣ ይበቃኛል።»

አርጥቤ፣ ጠብቄ፣ ቀስ ብዬ አነሣሁት። እንደዚያ ቀስ ብዬ ያነሣሁት ፋሻ የለም። ከዚያ ወዲህ ባገኘሁት ቀን ሁሉ እየሄድሁ አጥቤያታለሁ፣ ደመላሽ እስከደወለልኝ ጧት ድረስ።

ቀብሯ ላይ ደረስሁ። ከአባቷ አጠገብ ነው ያረፈችው። ተማሪዎቿ መጡ፣ እግራቸውን በፋሻ ያሰሩ ገበሬዎችም መጡ። የካምፓሱ ሰው ስለ ሥራዋ ብዙ ተናገረ። እማሆይ ግን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር፤ አላለቀሱም። አንዲት ዘመዳቸው በጆሮዬ፣ «ቂም አላቸው እኮ። ለአባቷ አልሆነችም ይላሉ» አለችኝ። አላመንሁም።

ጥናቱ አሁን ቆሟል። ደመላሽና አንድ ወጣት አስተማሪ እንቀጥላለን ይላሉ። እኔም እጠብቃለሁ።

ከአርባዋ በኋላ አንድ ረቡዕ እማሆይ ብቻቸውን ፍኖተ ሰላም መጡ። ክፍሌ በር ላይ ቆመው ሳያቸው ደንግጬ ተነሣሁ።

«ልጄ የት ነበር የምትቆም?» አሉኝ።

ቦታውን አሳየኋቸው። ሄደው ቆሙበት፣ ግድግዳውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ።

«ምን ነበር የምትሠራ? ሰው ሁሉ ይነግረኛል፣ አይገባኝም። ከአባቷ ወዲህ እኔም አልጠየቅኋት፣ እሷም አልነገረችኝ። እሱ እንደ ሕፃን ለመንኋት፣ እምቢ አለችኝ ብሎኛል። ለአባቷ ያልሆነው ነገር ምን ቢሆን ነው? ልየው ብዬ መጣሁ።»

የዚያን ዕለት ጠጅቱ እግሯን ለመታየት ቀጠሮ ነበራት፤ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ጠራኋትና የማን እናት እንደሆኑ ነገርኋት። ጠጅቱ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል እማሆይ ትከሻዋን ይዘው አቆሟት።

«እግርሽን አሳዪኝ» አሏት።

ጠጅቱ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋንና ካልሲዋን አወለቀች። እማሆይ እያቃሰቱ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ አዩት። ቁስሉ የነበረበት ቆዳ ስስና አንጸባራቂ ነው፣ ከሌላው ፈካ ይላል። በጣታቸው ጫፍ ነኩት።

«እዚህ ላይ ነበር?»

«እዚህ ላይ ነው እማሆይ። ከዚህ እስከዚህ።»

«ይሸት ነበር?»

«ሰው አያስጠጋኝም ነበር።»

«እሷ ናት እንዲህ ያረገችው?»

«እሷ ናት። እግሬን ጭኗ ላይ አርጋ። የሚሸተው አንች አይደለሽም እያለች።»

እማሆይን ባላቸው ሲቀበሩ አይቻቸዋለሁ፣ ልጃቸው ስትቀበር አይቻቸዋለሁ፤ እንዲህ ሲሆኑ አላየኋቸውም። እንባቸው ቆባቸው ሥር እየገባ፣ አገጫቸው ላይ እየወረደ፣ ዝቅ ብለው ያን የፈካውን ቦታ ሳሙት።

«ኧረ እማሆይ! ምነው! የእኔን እግር!» ጠጅቱ እግሯን ልትሰበስብ ታገለች።

«ዝም በይ» አሏት። አለቀቋትም።

ከዚያ ወለሉ ላይ የወደቀውን ካልሲ አንሥተው ራሳቸው አጠለቁላት። ጫማውንም አደረጉላት። ማሠሪያውን አጠበቁ፣ አላልተው እንደገና አጠበቁ። ሲጨርሱ መዳፋቸውን ጫማው ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«በይ እንግዲህ ልጄ» አሏት፣ «ደህና አርገሽ ያዥልኝ።»